ከ«ኦርካ» እስከ «ኢትዮጵያ»፦ የአንዲት የጦር መርከብ ፖስታዎች አልበም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሳምንት 1

ያለኝን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። አንድ የጫማ ካርቶን ነው። ውስጡ አባባ ባሕር ኃይል ሳሉ ለእናታቸው የጻፏቸው 11 ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው አሉ። ሰባቱ ለብቻቸው ናቸው፤ አራቱን አክስቴ የዛሬ 30 ዓመት ገደማ የፎቶ አልበም ላይ ለጥፋቸዋለች። ሦስት ፎቶዎችና አንድ የባሕረኛ ቆብ ሪባንም አለ። አምና ከአዲስ አበባ ይዣቸው መጣሁ። ሜሪላንድ ከገቡ ጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበሩ።

ዕቅዱ አባባ ያገለገሉባትን መርከብ ታሪክ ከፖስታዎቿ ጋር በአንድ አልበም ማደራጀት ነው። መርከቧ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። ቁጥሯ ኤ-01፣ መቀመጫዋ ምጽዋ። ባሕር ኃይላችን ከነበሩት መርከቦች ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች። አባባ ሞተር ክፍል ነው የሠሩት። አሁን 79 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ገና ያነባል። አልበሙን ዓይናቸው ሳይደክም እንዲያዩት ነው የምቸኩለው።

የተገዛ ዕቃ፦ አሲድ የሌለው ወፍራም ወረቀት 100 ቅጠል፣ 24 ዶላር። አሥር ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ 13 ዶላር። ባለ ቀለበት ማኅደር፣ 18 ዶላር። ስካነር አለኝ።

የመጀመሪያውን ገጽ ዛሬ አተምኩ። ርዕሱን «ዲስትሮየር ኢትዮጵያ» አልኩት፤ ዲስትሮየር ፈጣን ተዋጊ የጦር መርከብ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ የሰማሁት እንደዚያ ነው፤ «አባትሽ የዲስትሮየር ሰው ናቸው» ይሉኝ ነበር።

ሳምንት 2

ዲስትሮየር አልነበረችም። ገጹን ቀደድኩት።

ለእኛ ከመሰጠቷ በፊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ ስሟ ኦርካ፣ መለያዋ ኤቪፒ-49። ኤቪፒ የሚባሉት ትናንሽ የባሕር አውሮፕላን አገልጋይ መርከቦች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሩ። ካታሊና ዋነኛዋ ናት። አውሮፕላኗ ባሕር ላይ ስታርፍ ነዳጅ፣ ቦምብ፣ መለዋወጫ፣ ለአብራሪዎቿም ምግብና አልጋ የምትሰጠው ይህቺ መርከብ ነች። ኦርካና እህቶቿ (በአንድ ንድፍ የተሠሩት መርከቦች) እያንዳንዳቸው 80,000 ጋሎን የአውሮፕላን ቤንዚን ይሸከሙ ነበር። ወደ 300,000 ሊትር ማለት ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ኦርካ 95 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ፍጥነቷ 18 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) አካባቢ ነው። በዚያው ዘመን የነበሩት ፍሌቸር የሚባሉት ዲስትሮየሮች 115 ሜትር ያህል ሲሆኑ ከ35 ኖት በላይ ይሮጣሉ። ግን ሰው እንዲሁ አልተሳሳተም። ከፊቷ ላይ ያለው 127 ሚሊ ሜትር መድፍ ዲስትሮየሮቹ የሚታጠቁት ዓይነት ነው። ወደብ ላይ ቆሞ ለሚያያት ሰው የጦር መርከብ ናት፣ መድፍ አላት፣ ግራጫ ናት። በቃ።

ለአባባ ደውዬ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ለዚህ ነዋ ከኋላዋ ያ ሁሉ ሜዳ የነበረው!» አሉኝ። ለካ እነሱ የኋላ መድረኩን ለሰልፍ ነበር የሚጠቀሙበት። አውሮፕላን ከውኃ ተነሥቶ እዚያ እንዲቀመጥ ታስቦ ባዶ የተተወ ቦታ መሆኑን አያውቁም ነበር። ስድስት ዓመት የቆሙበትን መድረክ ምክንያት በ79 ዓመታቸው ሰሙ። ይሄን ስልክ ስዘጋ አልበሙ መሠራት እንዳለበት ይበልጥ ገባኝ።

አዲሱ ርዕስ፦ «ኦርካ / ኢትዮጵያ»። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

ሳምንት 3

የአሜሪካውን ዘመን ፖስታዎች መግዛት ጀመርኩ። እዚህ አገር የባሕር ኃይል ፖስታ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1908 (በፈረንጁ አቆጣጠር) ባወጣው ሕግ መርከቦች የራሳቸው ፖስታ ቤት እንዲኖራቸው መፈቀዱ ነው። ከዚያ ወዲህ መርከቧ ስሟን የያዘ ማኅተም አላት። ደብዳቤው ላይ የመርከቧ ስምና ቀን ይመታል። በ1932 ደግሞ የመርከብ ማኅተም ሰብሳቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅተሞቹን በቅርጻቸው በቁጥርና በፊደል የሚለይ ሥርዓት አላቸው፤ ሎሲ በሚባል ሐኪም ስም የተሰየመ ነው። አንድ ፖስታ ስትገዛ ሻጩ የሎሲ ዓይነቱን ይጽፍልሃል።

አራት ፖስታ አዘዝኩ። ሦስቱ የኦርካ፣ አንዱ ሜርፊ የተባለችው ዲስትሮየር። መላኪያውን ጨምሮ 41 ዶላር።

ሜርፊን ለምን? እሷ እንኳ የእውነት ዲስትሮየር ነች፤ የገዛኋትም በታሪኳ ተስቤ ነው። ኦክቶበር 1943 ላይ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ የፊት ክፍሏ ተቆርጦ ሰጠመ፤ የቀረው ኒው ዮርክ ተጎትቶ ተጠገነ። ፌብሩዋሪ 1945 ላይ የሳዑዲውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድን ከጅዳ ይዛ ወደ ስዊዝ ቦይ መጣች። ንጉሡ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር የተገናኙት ኩዊንሲ በተባለችው ክሩዘር ላይ ነው። ጃንሆይም እዚያው መርከብ ላይ፣ ከኢብን ሳዑድ አንድ ቀን ቀደም ብለው ፌብሩዋሪ 13፣ ከሩዝቬልት ጋር ተነጋግረዋል። እናም የሜርፊ ፖስታ ለአልበሙ መግቢያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ሳምንት 4

ፖስታዎቹ ደረሱ። ሁለቱ የጦርነት ጊዜ ናቸው፤ አንዱ የሜርፊ፣ አንዱ የኦርካ፣ ሁለቱም 1944። ማኅተሙን በማጉያ አየሁት። የመርከብ ስም የለም። ክቡ ውስጥ «የአሜሪካ ባሕር ኃይል» ብቻ ነው ያለው። ተታለልኩ ብዬ ለሻጩ ቁጣ የተሞላበት መልእክት ጻፍኩ።

ስህተቱ የኔ ነበር። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ የመርከብ ስም ከማኅተሞቹ ወጣ። ጠላት እጅ የገባ አንድ ፖስታ መርከቧ የት እንዳለች እንዳይናገር ነው። ስሙ የሚገኘው ላኪው በእጁ በጻፈው አድራሻ ላይ ነው፦ የባሕረኛው ስም፣ የመርከቧ ስም፣ ከዚያ የፍሊት ፖስታ ቤት፣ ሳን ፍራንሲስኮ። ለፓስፊክ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ለአትላንቲክ ኒው ዮርክ። መርከቧ ኒው ጊኒም ትሁን ፊሊፒንስ አድራሻው ያው ነው። ቴምብር መለጠፊያው ቦታ ላይ «ነፃ» የሚል የእጅ ጽሑፍ አለ። ከኤፕሪል 1942 ጀምሮ ወታደር በነፃ ይልክ ነበር። ጥግ ላይ ደግሞ የሳንሱር ክብ ማኅተም፣ ውስጡ የመኮንኑ ፊርማ።

ለሻጩ ይቅርታ ጻፍኩ። ሰውዬው በትሕትና መለሰልኝ፤ ይህን የመሰለ ቁጣ በየወሩ እንደሚደርሰው ነገረኝ።

የኦርካው ፖስታ ላይ ያ «ነፃ» የሚለው ቃል በእርሳስ ነው የተጻፈው። በማጉያ ሲታይ እርሳሱ ወረቀቱን የጎደጎደበት ይታያል። ልጁ ጠንከር አድርጎ ነው የጻፈው። ደብዳቤው ውስጡ የለም። ማን እንደነበር ለማጣራት አልሞከርኩም፤ አልበሙ ላይም ስሙን በወረቀት ሸፍኜዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የሜርፊን ገጽ አወጣሁት። ታሪኳ ትልቅ ነው፤ ግን የዚህ አልበም ታሪክ አይደለም። ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኳት።

ሳምንት 5

የኦርካን አገልግሎት በገጽ በገጽ ጻፍኩ። የፈረንጁን ዘመን አቆጣጠር ነው የተጠቀምኩት።

የተሠራችው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ሌክ ዋሽንግተን በተባለው መርከብ መሥሪያ ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 1942 ውኃ ላይ ወረደች፤ ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 አገልግሎት ጀመረች። በዚያው ዓመት ኒው ጊኒ ደረሰች። ከዚያ ማኑስ፣ ከዚያ ፊሊፒንስ ውስጥ ሌይቴ። በ1945 መጀመሪያ ሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ። በጦርነቱ ሦስት የውጊያ ኮከብ አገኘች። በ1946 ቢኪኒ ደሴቶች ላይ በተደረገው የአቶም ቦምብ ሙከራ ከድጋፍ መርከቦቹ መካከል ነበረች። በ1947 ከአገልግሎት ወጣች፣ ዲሴምበር 1951 ተመለሰች፣ ማርች 1960 እንደገና ወጣች።

ብዙ የቆየሁት ሌይቴ ላይ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1944 ሌሊት ኩፐር የተባለች ዲስትሮየር ኦርሞክ ባሕረ ሰላጤ ላይ በቶርፔዶ ተመትታ ሰጠመች። 191 ሰው ሞተ። 168 ሰው ተረፈ። ከተረፉት ብዙዎቹን ያነሱት ካታሊናዎች ናቸው። አንዷ ካታሊና ከሠራተኞቿ ሌላ 56 ሰው ጭና ከውኃ ተነሥታለች። ካታሊና ለዚያ አልተሠራችም። እነዚህ አውሮፕላኖች ባሕር ላይ ሊሠሩ የሚችሉት እንደ ኦርካ ያለች መርከብ ነዳጅና ማረፊያ ስለምትሰጣቸው ነው። ይሄን ለአባባ ሳነብላቸው «የሚያበላ ነው የሚያድን» አሉኝ። ሞተር ክፍል የሠራ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ከላይ ከሚታየው በፊት ከታች ያለውን ያያል።

አንድ የሥዕል ስህተትም አገኘሁ። የ1951ዱ ፖስታ፣ መርከቧ ወደ አገልግሎት የተመለሰችበት ቀን የተመታበት፣ በግራ በኩል የዓሣ ነባሪ ሥዕል ታትሞበታል። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ሥዕል ካሼ ይሉታል። ኦርካ የዓሣ ነባሪ ስም ስለሆነ ነው ሠዓሊው የሣለው። ነገር ግን የዚህ ዓይነት መርከቦች በአብዛኛው የተሰየሙት በባሕር ሰላጤዎች ነው፤ አላስካ ውስጥ ኮርዶቫ አጠገብ ኦርካ ቤይ የሚባል ሰላጤ አለ። ሥዕሉ ግን ያምራል፤ አላወጣሁትም። ከሥሩ ሁለት መስመር ማብራሪያ ጻፍኩ።

ይህ ፖስታ የሰላም ጊዜ ስለሆነ ማኅተሙ ላይ ስሟ ሙሉ በሙሉ አለ። ሦስት ሳንቲም ቴምብር። ዋጋው 6 ዶላር። ካለኝ ሁሉ የጠራው ማኅተም ይሄ ነው።

ሳምንት 6

መጥፎ ሳምንት።

አክስቴ የለጠፈቻቸውን አራት ፖስታዎች ለማንሣት ሞከርኩ። አልበሙ ገጹ ራሱ የሚያጣብቀው፣ ከላይ ፕላስቲክ ያለው ዓይነት ነው። በ1980ዎቹ ሁሉም ቤት ነበር። ኮላው ከጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። የመጀመሪያው ፖስታ ላይ የፀጉር ማድረቂያ ተጠቀምኩ። ሙቀቱ ኮላውን ያላላዋል ብዬ ነው። ላላ፤ ግን ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ገባ። የፖስታው ጀርባ ላይ እንደ ዘይት ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ እድፍ ወጣ። የእጄ መዳፍ ያህላል። አይለቅም።

ያ ፖስታ ከ11ዱ ሁሉ የምወደው ነበር። አያቴ ጥግ ላይ በጣቷ የዘይት አሻራ ትታበታለች። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ጎረቤት እያነበበላት ነው የምትሰማው። ደብዳቤውን በእጇ ይዛ ትቆያለች ይሉኛል። አሁን የሷ አሻራ የቱ እንደሆነ፣ የኔ እድፍ የቱ እንደሆነ ለሚያየው ሰው አይለይም። እኔ ግን እለየዋለሁ። ከሥሩ በግልጽ ጽፌዋለሁ፦ «የቀኙ እድፍ በአልበሙ ሥራ ጊዜ የደረሰ ጉዳት ነው»።

ለሦስቱ ዘዴ ቀየርኩ። ሰም ያልተቀባ የጥርስ ክር። ገጹን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ክሩን በሁለት እጅህ ወጥረህ ከፖስታው ጥግ ሥር ታስገባለህ። ከዚያ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ፣ ሳትቸኩል። ፖስታውን ወደ ላይ መሳብ የለም፤ ክሩ ነው የሚሄደው። ለአንዱ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ሁለቱ በሰላም ወጡ። የሦስተኛው ክዳን ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ አልበሙ ላይ ቀረች። የክሩ ዋጋ 3 ዶላር። ከመጀመሪያው ቀን ይሄን ብሞክር ኖሮ!

ሌላ፦ ከሰባቱ ልቅ ፖስታዎች ሁለቱ ላይ አግራፍ ነበር። የምጽዋ አየር ጨው አለበት። አግራፉ ዝጎ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ቅርጹን ትቷል። አግራፉን በቀስታ አወጣሁ፤ የዝገቱን ምልክት አልነካሁትም።

ሳምንት 7

ዛሬ ቁጥሩ ጉድ አደረገኝ።

ፖስታዎቹን ሁሉ ኤክሴል ላይ መዝግቤ ነበር፦ ቀን፣ ከየት፣ ወደ የት፣ ሁኔታ። በቀን ቅደም ተከተል አስተካክል አልኩት። የአባባ ደብዳቤ፣ ያ የተበላሸው፣ 1960 ላይ ወጣ። ኦርካ ከአሜሪካ አገልግሎት የወጣችው በማርች 1960 ነው። ለኢትዮጵያ የተሰጠችው ጃንዋሪ 1962። ታዲያ አባባ በ1960 ከእሷ ላይ እንዴት ይጽፋሉ?

ግማሽ ቀን ተጨነቅኩ። አባባ ሌላ መርከብ ላይ ነበሩ? የተነገረኝ ሁሉ ተዛብቷል? ለመደወል ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በዚህ ዕድሜያቸው «በዚያች መርከብ አልነበሩም» የሚል የሚመስል ጥያቄ ማንሣት ከበደኝ።

ከዚያ ደብዳቤውን ራሱን አወጣሁ። ከላይ «ግንቦት 12 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ምጽዋ» ይላል። የእኛ አቆጣጠር! ኤክሴሉ ላይ ስመዘግብ «ዓ.ም.» የሚለውን ትቼ ቁጥሩን ብቻ ነው የጻፍኩት። ኤክሴል ደግሞ ከፈረንጁ ዓመቶች ጋር ደባለቀው። ግንቦት 12 ቀን 1960 ማለት ሜይ 20 ቀን 1968 ነው። መርከቧ ከመጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

ለማረጋገጥ ማኅተሙን ማንበብ ነበረብኝ። ጥቁር ቀለሙ ቴምብሩ ላይ ባለው የጃንሆይ ፊት ላይ ተደርቦ ዓመቱ አይታይም። በ1200 ዲፒአይ (የነጥብ ጥራት) ስካን አደረግኩት፤ ከዚያ ቀዩን ቀለም በሶፍትዌር ቀነስኩ። ቴምብሩ ቀይ ስለሆነ ደበዘዘ፣ ማኅተሙ ቀረ። ምጽዋ፣ በአማርኛም በላቲንም። ከመሐል 21፣ 5፣ 68። በተጻፈ ማግስት ፖስታ ቤት ገብቷል።

አሁን ኤክሴሉ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እንዳለ፣ ሁለተኛው ወደ ፈረንጅ የተቀየረው። የሌሎቹንም ደብዳቤዎች ቀን አስተካከልኩ። የኢትዮጵያ ፖስታ የሚሰበስብ ሰው ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ያድርግ።

ማታ ለአባባ ደወልኩና ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ቀለም ስለመቀባት ነው የሚያወራው። መርከቧ ለእንግዳ እየተሰናዳች ነበር። «ነገ ዳህላክ እንወጣለን፤ አታስቢ፤ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው» ይላል። አባባ ሰምተው ሲጨርሱ «ባሕሩ ጸጥ ያለ አልነበረም» አሉኝ። «እንዳታስብ ብዬ ነው።»

ሳምንት 9

የኢትዮጵያን ክፍል ማደራጀት። እዚህ ላይ ችግር አለ። ከአሜሪካው ዘመን ያሉኝ ፖስታዎች በመርከቧ ስም ወይም በላኪው አድራሻ ይታወቃሉ። የአባባ 11 ፖስታዎች ላይ ግን የመርከቧ ስም አንድም ቦታ የለም። ከመርከብ ወርደው ከተማ ፖስታ ቤት ነው ያስገቡት። የከተማ ማኅተም፣ የጃንሆይ ቴምብር፣ የአያቴ ስም በአንድ ባለ ሱቅ በኩል። የመርከብ ማኅተም ለሚሰበስብ ሰው ይሄ የመርከብ ፖስታ አይደለም። ለአንድ ልምድ ላለው ሰብሳቢ ፎቶ ልኬለት ነበር፤ «ቆንጆ ነው፤ ግን ከመርከቧ ጋር የሚያገናኘው ነገር ፖስታው ላይ የለም» አለኝ። ልክ ነው።

እኔ ግን አላወጣኋቸውም። አልበሙ ለውድድር አይደለም። የመርከቧ ስም ያለው ውስጥ፣ ደብዳቤው ላይ ነው፦ «ከኢትዮጵያ መርከብ» ብለው ይጀምራሉ አባባ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፖስታ ሥር ያንን አንድ መስመር ብቻ በስካን ቆርጬ አስቀመጥኩ። ሙሉ ደብዳቤውን አልበሙ ላይ እንዳላወጣ አባባ ለመኑኝ። «ለእናቴ የጻፍኩት ነው» አሉ። እሺ አልኳቸው። ደብዳቤዎቹ ተጣጥፈው ፖስታቸው ውስጥ አሉ።

ከዚህ ጋር አንድ ገጽ ለእህቷ ሰጠሁ። ጋርዲነርስ ቤይ የተባለች የኦርካ እህት በ1958 ለኖርዌይ ተሰጥታ ሐኮን ሰባተኛ ተብላ የካዴቶች ማሠልጠኛ ሆናለች። የእኛዋም ማሠልጠኛ ነበረች። በ1950ዎቹ የእኛን ባሕር ኃይል ካማከሩት መካከል የኖርዌይ መኮንኖች ይገኙበታል። የኖርዌዩን ፖስታ በ5 ዶላር አገኘሁት።

የኅትመት ችግር፦ ገጾቹን ሥራ ቦታ ባለ ጥሩ ፕሪንተር ላይ አተምኩ፤ አማርኛው ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። ፎንቱ እዚያ ኮምፒዩተር ላይ የለም። 14 ቅጠል ባከነ። ከዚህ በኋላ ፋይሉን ከቤት ፒዲኤፍ አድርጌ፣ ፎንቱን ውስጡ አካትቼ ነው የምወስደው።

ፖስታ ገጹ ላይ የሚያዘው በግልጽ ፕላስቲክ ማዕዘን ነው፤ ማይላር የሚባለው። ኮላው ወረቀቱን እንጂ ፖስታውን አይነካም። 200 ፍሬ፣ 11 ዶላር። ሳላስተውል መጀመሪያ የገዛሁት ርካሹን ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ የሚባለውን ነበር። ጊዜ ሲቆይ ዘይት እያወጣ ቀለም ያበላሻል። መልሼ ሰጠሁት።

ሳምንት 11

የመጨረሻዎቹ ገጾች። ጽሑፉ አጭር ነው። ምጽዋ በፌብሩዋሪ 1990 ወደቀች። ሜይ 1991 ላይ መንግሥቱ ሲፈርስ መርከቧ ወደ የመን ሸሸች። እዚያው ቆመች። በ1993 ለብረት ተሸጠች።

ከእነዚህ ዓመታት ፖስታ የለኝም። ስፈልግ ሁለት ወር ሆነኝ። የሆነ ነገር ለመሙላት ስል የየመን ቴምብር ልለጥፍ ነበር፤ ተውኩት። ገጹ ላይ ቀኖቹ ብቻ አሉ። የቀረው ነጭ ነው።

አባባ ያኔ ከባሕር ኃይል ከወጡ ቆይተዋል። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ናፍጣ ሞተር ይጠግኑ ነበር። የመርከቧን ነገር በሰው በሰው ነው የሰሙት። «ማን ይዟት ወጣ?» ብለው ብዙ ጊዜ ጠይቀዋል። የተሸጠችበትን ዓመት እኔ ነኝ አሁን የነገርኳቸው። ዝርዝር ጠየቁኝ፤ ሞተሮቹ እስከ መጨረሻ ይሠሩ እንደነበር። የመን ድረስ የሄደች መርከብ መሆኗን ስነግራቸው «እንግዲያው ይሠሩ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ቀለል አለ።

የወጪ ድምር እስካሁን፦ ፖስታዎች 68 ዶላር፣ ዕቃ 69፣ የባከነ ኅትመት ወደ 10። ሰዓቱን አልቆጠርኩም።

ሳምንት 12

የፊት ገጹ ርዕስ በፎንት እንዲሆን አልፈለግኩም። አባባ በእጃቸው እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩ። የወንድሜ ልጅ ነጭ ወረቀትና ጥቁር እስክሪብቶ ሰጥቷቸው፣ ጻፉ፣ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ።

«ኢትዮጵያ» ብለው ጽፈዋል። የ«ጵ» እግር ወደ ግራ ትንሽ ጠምዘዝ ይላል። የ1968ቱን ደብዳቤ አውጥቼ ጎን ለጎን አደረግኩት። ያው «ጵ» ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ሁለት ቦታ ላይ ተቆርጧል። ፊደሉ ግን ያው ነው።

ፎቶው ግን በጥላ ምክንያት ግማሹ ግራጫ ነው። ለኅትመት አይሆንም። ለልጁ ወረቀቱን በመስኮት ብርሃን፣ ከላይ ቀጥ ብሎ እንዲያነሣው ጻፍኩለት። ወረቀቱንም እንዳያጥፈው። በፖስታ ይላክልኝ፤ ከአዲስ አበባ፣ በተራ ደብዳቤ፣ ቴምብር ተለጥፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት። 12ኛው ፖስታ እሱ ነው። ቦታውን ከ11ዱ ቀጥሎ ክፍት ትቼዋለሁ፤ አራቱም ማዕዘኖች ተለጥፈዋል።